ውሃ የማያስገባ ጫማና የውሃ ሱሪ፤ አመራረጡ፣ አያያዙና የዋስትናው ጉዳይ
(በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ለሚሠሩ የእርዳታ ሠራተኞችና ኃላፊዎች የተዘጋጀ ትምህርታዊ ጽሑፍ)

ስለ ድርቅና ስለ ሠፈራ በሚወጣ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ውሃ መከላከያ ጫማ መነሣቱ አንዳንድ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ድርቅ የውሃ እጦት ነውና። ይሁን እንጂ በእርዳታ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዝናብ የቀረበት ዓመት ረኀብ እጅግ የሚበረታው በማግሥቱ ክረምት ነው። ጎተራው ባዶ የሚሆነው፣ ዘሩ የሚበላው፣ ከብቱ የሚሸጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ሲሆን፣ መንገዱ የሚበላሸው፣ ወንዙ የሚሞላው፣ ጭቃው ጉልበት የሚደርሰውም በእነዚሁ ወራት ነው። እህል የጫነ መኪና ከቆመበት ቦታ እስከ ማከፋፈያው ጣቢያ ያለውን መንገድ በእግሩ የሚጨርሰው መዝጋቢው፣ የጤና ሠራተኛውና የመጋዘን ጠባቂው ነው። የእነዚህ ሰዎች እግር ከታመመ እርዳታው ይዘገያል።

ሥራውን በኃላፊነት የያዙ መሥሪያ ቤቶች ለእህል ጥራት የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለጫማ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይታይም። ጫማ በመጨረሻ ሰዓት፣ በጀቱ ሊዘጋ ሲል፣ ዋጋው ብቻ ታይቶ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ቆይቷል። በአንድ ክረምት የተሰነጠቀ ጫማ በሁለተኛው ክረምት እንደገና ይገዛል፤ የመጀመሪያው ዋስትና ነበረው ወይስ አልነበረውም ብሎ የሚጠይቅም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ትኩረት የሚያደርገው በዚህ ጉድለት ላይ ነው።

ሥራው የሚካሄድበት አካባቢ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን መዲና ናት። ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ በስተሰሜን መንገዱ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲአርቃይ ያመራል። በምሥራቅ በኩል ያለው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ይዘልቃል። አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ጉዞ ከብርዳማው ደጋ ተነሥቶ ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለው ሞቃት ቆላ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ለደጋው የተመረጠ ጫማ ለቆላው ላይስማማ የሚችለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አካባቢው የእርዳታና የማቋቋም ሥራ ያልተለየው ነው። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ከነበረችው የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው በደባርቅ ከተማ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት አደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመውጣት የበቃው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዳባት ወረዳ የአለምዋጭ መጠለያ ተከፍቶ በትግራይ ከነበሩት ማይ አይኒና አዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የወጡ ኤርትራውያን ስደተኞች ሠፍረውበታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ጊዜ በደባርቅና በዳባት ብዙ ተፈናቃዮች ተጠልለዋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዞኑ በጃናሞራ፣ በጠለምትና በበየዳ ወረዳዎች ብርቱ ድርቅ ደርሷል። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው፣ በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ላይ የተሠማራ ሰው በጭቃና በውሃ ውስጥ ሲመላለስ መክረሙን ለማስታወስ ነው።

ውሃው በእግር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በደጋው ያለው ችግር ብርድና እርጥበት ነው። እግር ለሰዓታት በቀዝቃዛ እርጥብ ጫማ ውስጥ ሲቆይ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ቆዳው ነጥቶ ይሸበሸባል፣ ይደነዝዛል። ከዚያም ያብጣል፣ ይቆስላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በምሽግ የነበሩ ወታደሮችን በብዛት ያሰናከለው በሽታ ይኸው ነው። ለዚህ በሽታ ውሃው በረዶ መሆን አያስፈልገውም፤ ከዜሮ ዲግሪ በላይ ያለ ቅዝቃዜና እርጥበት ይበቃዋል። በባዶ እግር በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየው የእግር እብጠት፣ ማለትም በተላላፊ ትል ሳይሆን በአፈሩ ምክንያት የሚመጣው ዝሆኔ፣ በአገራችን ደጋዎች የታወቀ ሲሆን፣ ዋነኛ መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ ነው።

በቆላው ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። በዛሪማ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ የተደረገ የጤና ጥናት ቢልሃርዚያ በብዛት መኖሩን አሳይቷል። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ በውሃው ላይ ሲዋኝ ያገኘውን የሰው ቆዳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አይፈልግም፤ ማሳከኩ ቢሰማ እንኳ ከገባ በኋላ ነው። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወንዝ የሚሻገር ሠራተኛ ጫማውን ከውሃ አድኖ ራሱን ለበሽታው አጋልጧል ማለት ነው። በደባርቅ ከፍታ ቀንድ አውጣው ስለማይመቸው የደጋ ሰው ይህን በሽታ አያውቀውም። ስለዚህም ወደ ቆላ ሲወርድ አይጠነቀቅም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከደጋ ወደ መተከል፣ ወደ ጋምቤላና ወደ አሶሳ የተወሰዱት ሠፋሪዎች በማያውቁት የቆላ በሽታ ምን ያህል እንደተጎዱ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች የሚዘነጉት አይደለም።

ለማን የትኛው ይገባል?

ውሃ የማያስገባ የእግር ልብስ በሦስት ዓይነት ይመጣል። አንደኛው እስከ ጉልበት የሚደርሰው፣ በተለምዶ ቦቲ የሚባለው ጫማ ነው። ሁለተኛው እስከ ጭን የሚደርሰው ነው። ሦስተኛው ከጫማው ወይም ከካልሲው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራና እስከ ደረት ደርሶ በትከሻ ላይ በማንገቻ የሚያዘው ነው። ይህን የመጨረሻውን በዚህ ጽሑፍ «የውሃ ሱሪ» ብለነዋል። የውሃ ሱሪ በመጀመሪያ የታሰበው ለዓሣ አጥማጆች ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀውን ትራውት የሚያጠምዱ ሰዎች ለብሰውት ይታያሉ። በጣና ሐይቅ በታንኳ የሚያጠምደው ዓሣ አጥማጅ ግን ብዙም አይፈልገውም።

በእኛ ሥራ የውሃ ሱሪ የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የወንዝ ውሃ መጠን የሚለኩ፣ ምንጭ የሚያጎለብቱ፣ የድልድይ መሠረት የሚመረምሩ፣ የዓሣና የውሃ ጥናት የሚያደርጉ ባለሙያዎች። ለመዝጋቢና ለእህል አከፋፋይ የውሃ ሱሪ ማልበስ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ሱሪው ውስጥ የገባ ውሃ ሰውየውን ከወንዙ ለመውጣት ያዳግተዋል። ስለዚህ ሱሪውን የሚለብስ ሁሉ ከወገቡ በላይ ጠበቅ ያለ ቀበቶ መታጠቅ አለበት። ቀበቶው ሰውየው ቢወድቅ ውሃው ወደ እግሩ በፍጥነት እንዳይወርድ ያግዳል። ቀበቶ የሌለው የውሃ ሱሪ በዕቃ መረከቢያ ላይ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። ደግሞም በአምባራስና በቧሂት አናት ላይ የጣለ ዝናብ ከሥር ፀሐይ ባለበት ሰዓት ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከጉልበት በታች ያለ ፈጣን ውሃ እንኳ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ምንም ዓይነት ልብስ ይህን አይለውጠውም፤ መጠበቅ ብቻ ነው።

ለብዙኃኑ ሠራተኛ የጉልበት ቦቲ ይበቃዋል። ለአንድ ጣቢያ ሁለት የውሃ ሱሪ በተለያየ ቁጥር ተይዞ፣ እየተፈረመ ቢወጣና ቢገባ ሥራውን ይሸፍናል።

ጫማው የተሠራበት ነገር

ገዢው ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ቦቲው የተሠራው ከተፈጥሮ ጎማ ወይስ ፒ.ቪ.ሲ. ከሚባለው ፕላስቲክ መሆኑን ነው። ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። የተፈጥሮ ጎማ ሲታጠፍ ለስላሳ ነው፣ በብርድ ብዙም አይደርቅም፣ የጎማ ሽታ አለው። በአብዛኛው ከቁራጭ ጎማዎች ተገጣጥሞ በሙቀት የሚበስል ስለሆነ መገጣጠሚያው ይታያል። ፒ.ቪ.ሲ. ግን ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚፈስ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን የቅርጽ መስመር ብቻ ይታይበታል። በብርድ ጊዜ ይጠነክራል፤ በደባርቅ ማለዳ እግር ሲያስገቡበት እንደ ጣውላ የሚሆነው ይኸው ነው። በአንጻሩ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሚዛን የሚደፋው ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጥገና ጉዳይ። የተፈጥሮ ጎማ ቦቲ ሲቀደድ ማንኛውም ጎሚስታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ቁራጭ ይለጥፈዋል። በጎማ ማስቲሽ የተለጠፈ ፒ.ቪ.ሲ. ግን ሳምንት ሳይቆይ ይላቀቃል። ለእርሱ የራሱ ዓይነት ማጣበቂያ ያስፈልገዋል፤ ያም በየወረዳው ገበያ አይገኝም። በጋለ ቢላዋ አቅልጦ መለጠፍ የሚሞክሩ አሉ፤ ነገር ግን ፒ.ቪ.ሲ. ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ አሲድ ያለበትና ሳንባን የሚጎዳ ስለሆነ በቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። በዚህ ምክንያት ዋጋው ከፍ ቢልም እንኳ ከአስፋልት ራቅ ላለ ጣቢያ የተፈጥሮ ጎማ ይሻላል። ናፍጣና ዘይት ለሚነካ የመጋዘንና የጄኔሬተር ሠራተኛ ግን ፒ.ቪ.ሲ. ይመረጣል፤ የተፈጥሮ ጎማ በነዳጅ ያብጣልና።

ከእነዚህ ሌላ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር የሚሠራ ቀላልና ሙቀት የሚይዝ ቦቲ አለ። ሲለበስ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን ይህ ነገር በመጋዘን ተከማችቶ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ የአየሩ እርጥበት ከውስጥ ያፈራርሰዋል። አዲስ የሚመስል ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ክምችት አይሆንም።

የውሃ ሱሪም እንዲሁ ይለያያል። ወፍራሙ ኒዮፕሪን ሙቀት ስለሚይዝ በደጋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሚቆም ሰው ይስማማል፤ በቆላ ግን በላብ ያፍናል። ላብን እያስወጣ ውሃን የሚከለክለው ስስ የናይለን ሱሪ ለቆላ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ በእሾህም ይበሳል። ጎማ የተቀባ ወፍራም ሸራ ወይም ፒ.ቪ.ሲ. የተቀባ ናይለን ከባድ ቢሆንም ዋጋው የሚቻል፣ በመስክ ላይም ሊለጠፍ የሚችል ነው። ከጫማው ጋር የተዋሐደውን መምረጥ ያሻል፤ ካልሲ ብቻ ያለው በላዩ ሌላ ጫማ ስለሚፈልግ ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ዋስትና ማለት ነው። ሶሉ ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራውን ደግሞ አንመክርም። በአረንጓዴ አልጌ የተሸፈነ ድንጋይ ላይ አያንሸራትትም ይባልለታል፤ ይሁን እንጂ ጭቃ ይይዛል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ወንዝ ረቂቅ ነፍሳትንና የውሃ ተክሎችን ያዛውራል።

በመግዣ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ

ብዙ ጥንድ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ናሙና ይጠይቅ። ናሙናው ማኅተም ተደርጎበት እስከ ርክክቡ ድረስ ይቀመጥ። የጨረታ ሰነዱ «ጥራት ያለው ቦቲ» ብሎ ቢያልፍ ሻጩ ያሻውን ያቀርባል። ሰነዱ የተሠራበትን ነገር፣ ቁመቱን፣ የሶሉን ጥልቀት፣ የውስጥ ጨርቁን፣ የቁጥሩን ስብጥርና የተመረተበትን ዘመን በግልጽ መናገር አለበት። ፈራርሶ የቀረ ቤት ለሚያነሡና ምስማር ለሚረግጡ ሠራተኞች ዓለም አቀፉን የደኅንነት ጫማ መለኪያ ኢ.ኤን. አይ.ኤስ.ኦ. 20345 መጥቀስ ይቻላል። በዚህ መለኪያ «ኤስ 4» የሚል ምልክት ያለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቦቲ ለጣት መከላከያ አለው፤ «ኤስ 5» የሚለው ከዚህ በተጨማሪ በሶሉ ውስጥ ምስማር የሚያግድ ንጣፍና ጭቃ የሚቆነጥጥ ጥርስ አለው። ለመዝጋቢ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ብረቱ እግር ያበርዳል፣ ክብደቱም ዳገት ላይ ያደክማል።

የተመረተበት ዘመን በሶሉ ሥር ወይም በውስጥ በኩል ብዙውን ጊዜ ተቀርጾ ይገኛል። በክብ ውስጥ የወራት ቁጥሮች ተደርድረው ቀስት ወደ አንዱ ያመለክታል፤ በመካከሉ ዓመቱ አለ። ይህን ማንበብ የሚችል የንብረት ሠራተኛ ለአምስት ዓመት በመጋዘን የከረመ ጎማ «አዲስ» ተብሎ እንዳይሸጥለት ይጠበቃል።

በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ የጫማ ቁጥር ከሚቀጥለው የሚለየው ከሰባት ሚሊ ሜትር ባነሰ ነው። ወፍራም ካልሲ ይህን ያህል ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ ለደጋ የሚገዛ ቦቲ ከተለመደው በአንድ ቁጥር ከፍ ይበል። የሴት ሠራተኞችን ቁጥር መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው፤ 37ና 38 የሚያደርጉ ነርሶች 42 ቁጥር ቦቲ ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቀው ሲሄዱ ማየት የማንኛውንም ጨረታ አዘጋጅ ፊት ሊያቀላ ይገባል።

ዕቃው ሲደርስ ከየካርቶኑ ጥቂት ጥንዶች ይውጡና በውሃ ይሞከሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። የቦቲውን አፍ አጥፎና አጥብቆ ይዞ፣ አየሩ ውስጥ እንዳለ በበርሜል ውሃ መድፈቅ፤ ጎሚስታ ከመነዳሪ እንደሚፈትሽ ማለት ነው። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ከዚያም ሶሉ ከላይኛው ክፍል የሚገናኝበትን ዙሪያ በአውራ ጣት እየገፉ መመልከት፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚታጠፍበትን ቦታ ደጋግሞ ማጠፍ፣ ውስጡን እጅ አስገብቶ መዳሰስ። የውሃ ሱሪ ደግሞ የሚያፈሰው ብዙውን ጊዜ በብሽሽት፣ በጉልበት ውስጠኛ ስፌትና ካልሲው ከሱሪው በሚጋጠምበት ቦታ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርቶ በሱሪው ውስጥ ቢያሳልፉት የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ይታያል።

ሠራተኛው «ጫማው ያፈሳል» ባለ ቁጥር አፈሰ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጎማ ላብ አያስወጣም፤ ቀኑን ሙሉ የተጓዘ እግር ካልሲውን ያረጥባል። የላብ እርጥበት በእግሩ ሁሉ እኩል ይዳረሳል። የሚያፈስ ጫማ ግን በአንድ ወገን ይጀምራል፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ነው። ይህን ሳይለዩ ለሻጭ መመለስ ክርክር ያስከትላል፤ እውነተኛው አቤቱታም ከዚያ በኋላ ተአማኒነቱን ያጣል።

ስለ አያያዝ

በክረምት ወራት ጫማ ዕድሜው ከሚያጥርባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ምድጃ ነው። ከብርድ የገባ ሰው ቦቲውን እሳት ዳር አቁሞ ያድራል። ጎማው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሶሉ ይላቀቃል። ሻጩም ይህን ምልክት አይቶ ዋስትናውን ይከለክላል፤ በዚህም መብት አለው። ውስጡን በደረቅ ጋዜጣ ሞልቶ፣ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ለውጦ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ መገልበጥ ይበቃል። ሲያከማቹም ሳይታጠፍ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ ካለበት መጋዘን ተለይቶ ይቀመጥ። የውሃ ሱሪ በማንገቻው ሳይሆን በእግሩ ተሰቅሎ ተገልብጦ ይደር። ከቆላ ወንዝ የወጣ ቦቲ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ፈጽሞ ሳይደርቅ ወደ ሌላ ወንዝ አይወሰድ።

ስለ ዋስትና

ዋስትና በሁለት መንገድ ይመጣል፤ በሕግና በውል። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ኃላፊዎችን ያሳስታል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢውም ግዴታ አለበት። ዕቃውን እንደተረከበ በተቻለ ፍጥነት መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ጉድለቱ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። በዋስትናው መሠረት የሚቀርብ ክስ ደግሞ ማስታወቂያው ከተሰጠ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። ገዢው እያወቀ ለተቀበለው ጉድለት ሻጩ ተጠያቂ አይሆንም። እንግዲህ በርክክብ ቀን «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ብሎ ካርቶኑን ሳይከፍት የሚፈርም ንብረት ክፍል የመሥሪያ ቤቱን መብት በፊርማው እያዳከመ መሆኑን ይወቅ።

አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ማለትም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ሸማች በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ሲያገኝ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሆኖም በአዋጁ አነጋገር ሸማች ማለት ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው ነው። አንድ ነርስ ከኪሷ ከፍላ የገዛችው ቦቲ በዚህ ጥላ ሥር ይወድቃል። መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የገዛው ሁለት መቶ ጥንድ ግን በዚህ ላይ ሊተማመን አይገባም። የመሥሪያ ቤቱ መከላከያ ውሉ ነው፤ ውሉን ደግሞ የሚጽፈው ራሱ ነው።

በውሉ ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ዋስትናው የሚጀምርበት ቀን ነው። ለምሳሌ የአሥራ ሁለት ወር ዋስትና ያለው ቦቲ በታኅሣሥ ወር በአዲስ አበባ ተገዛ እንበል። በመጋዘን ከርሞ በሰኔ ለደባርቅ ይታደላል። ሠራተኛው እግሩን ባስገባበት ቀን ግማሹ ዋስትና አልፏል፤ ያለፈው ግማሽም ጫማው ምንም ያልተፈተነበት የበጋ ወራት ነው። ስለዚህ ዋስትናው ዕቃው በጣቢያው ከታደለበት ቀን እንዲጀምር፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት እንዲሸፍን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሻጭ በዚህ ላይ ቢከራከር አያስደንቅም። በዋጋ ትንሽ ጨምሮ መስማማት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ሁለተኛው የማጓጓዣው ነገር ነው። የተበላሸውን ጫማ ከደባርቅ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ማን ነው? ውሉ ዝም ካለ ሸክሙ በገዢው ላይ መውደቁ አይቀርም። አንድ ጥንድ ቦቲ ለመለወጥ ይህን ያህል መንገድ የሚልክ የለም። ሻጩ በጎንደር ወኪል እንዲኖረው፣ ወይም የተበላሹት በየሦስት ወሩ ተሰብስበው በመሥሪያ ቤቱ የተመላሽ መኪና እንዲሄዱ፣ ወይም ሻጩ ከጠቅላላው ላይ በመቶ ሦስት ያህል መለወጫ ጥንድ አስቀድሞ በጣቢያው እንዲያስቀምጥ መስማማት ይቻላል። የመጨረሻው መንገድ በእኛ ግምት ከሁሉም ይሻላል፤ የረጠበው እግር ደብዳቤ እስኪመላለስ አይጠብቅምና።

ሦስተኛው ጉዳይ በስጦታ የመጣ ዕቃ ነው። ከውጭ አገር ለጋሾች የሚላኩ ጥሩ ጥሩ ቦቲዎችና የውሃ ሱሪዎች በመለያቸው ላይ የረጅም ጊዜ ዋስትና ተጽፎባቸው ይመጣሉ። ኃላፊው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ብዙ አምራቾች ዋስትናቸውን የሚሰጡት ከፈቀዱለት ነጋዴ ለገዛው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ሲሆን፣ የግዢውን ደረሰኝም ይጠይቃሉ። የእርዳታ ጣቢያው ገዢ አይደለም፤ ደረሰኙም በለጋሹ ቢሮ ፋይል ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ዕቃው ሲመጣ ከስጦታ ደብዳቤው ጋር የደረሰኙ ቅጂና ለጋሹ በዋስትናው ጉዳይ በስሙ እንድንጠይቅ የፈቀደበት ጽሑፍ እንዲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጋሾች ይህን ሲጠየቁ ቅር አይላቸውም፤ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው የማይልኩት።

ዋስትና የሚሸፍነው የአሠራር ጉድለትን ነው። ሶል በራሱ ጊዜ መላቀቁ፣ ስፌት መከፈቱ፣ በጎማው ውስጥ የአየር አረፋ ቀርቶ መሰንጠቁ በዚህ ይካተታል። እሾህ የወጋው፣ ሽቦ የቀደደው፣ እሳት የነካው፣ በአገልግሎት ብዛት የተበላ ሶል አይካተትም። ይህን በሐቀኝነት ለይቶ የሚያቀርብ ጣቢያ በሚቀጥለው ጊዜ ይታመናል። በጎሚስታ የተለጠፈ ጫማን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ዋስትናው ገና ያላለፈ ከሆነ ከመለጠፉ በፊት ለሻጩ ማስታወቅ ይገባል። ከተነካካ በኋላ ጉድለቱ የማን እንደነበረ መለየት አይቻልም።

አቤቱታ ሲቀርብ ጫማው ታጥቦና ደርቆ መሆን አለበት። በጭቃ የተለወሰ ዕቃ ተከፍቶ ሳይታይ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የሚያፈስበት ቦታ በጠመኔ ይከበብ። ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱ የጉድለቱን ቦታ ከቅርብ፣ አንዱ በሶሉ ላይ ያለውን ቁጥርና ዘመን። የተበላሸው አንዱ እግር ቢሆንም ሁለቱም አብረው ይላኩ፤ ሻጭ አንድ እግር ጫማ አይለውጥም። ደብዳቤውም ረጅም ምሬት ሳይሆን እንዲህ ያለ ቢሆን ይበቃል፦

«በቀን ... በተፈረመው ውል መሠረት ከድርጅታችሁ ከተረከብናቸው ... ጥንድ ቦቲዎች መካከል ... ጥንዶቹ በቀን ... ለሠራተኞች ታድለው ከ... ሳምንት አገልግሎት በኋላ ሶላቸው ከላይኛው ክፍል ተላቅቋል። ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ የምርት ቁጥራቸውና ፎቶግራፋቸው ከዚህ ጋር ተያይዟል። በውሉ አንቀጽ ... መሠረት በ... ቀናት ውስጥ እንዲለወጡልን እየጠየቅን፣ ይህ ደብዳቤ በሕግ የሚፈለገው የጉድለት ማስታወቂያ መሆኑን እናስታውቃለን።»

የመጨረሻዋ ሐረግ ጥቅም አላት። የማስታወቂያው ቀን የሚቆጠረው ከዚህ ደብዳቤ ስለሆነ ደብዳቤው በመዝገብ ወጪ ሆኖ፣ የተቀባዩ ፊርማና ቀን በቅጂው ላይ ይያዝ። በስልክ የተነገረ አቤቱታ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ መዝገብ ይበቃል። የጫማው ቁጥር፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተቀባዩ ስም፣ የታደለበት ቀንና ጉድለት የታየበት ቀን የሚጻፍበት ባለ አምስት ዓምድ ደብተር ነው። ጫማ ሲለወጥ አዲሱ በአሮጌው መስመር ላይ አይጻፍ። አዲስ መስመር ይከፈትለት፤ ዋስትናው ከተለወጠበት ቀን እንደገና የሚቆጠር መሆን አለመሆኑ ውሉ ውስጥ ታይቶ በዚያው መስመር ይመዝገብ። ደብተሩ በጣቢያው ንብረት ክፍል እንጂ በአንድ ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ሠራተኛው ሲዛወር ደብተሩ አብሮ ይጠፋልና።